ጎሉን ያላየው ደጋፊ

ልብስ ሰፊዋ የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ ዓይኗ የሚሮጠው ወደ ቤቱ በር ሳይሆን ወደ ጎኑ ግድግዳ ነው። አባቷ ዛሬም እዚያው ነው። በውኃ በርሜሉና በግድግዳው መሀል ጀርባውን አስደግፎ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ቆሟል። ካፊያው ትከሻውን አበስብሶታል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሁለቱም ጆሮዎቹ ጥጥ ተወትፎባቸዋል።

"አባዬ፣ አፈር ስሆን ግባልኝ" አለችው፣ ከአንደኛው ጆሮው ጥጡን እየነቀለች።

"ጨዋታው አላለቀም።"

"አልቋል። ድሮ ነው ያለቀው። ዋንጫውን ወስደናል እኮ!"

"እነሱ ናቸው አይደል የላኩሽ?" አለና ጥጡን ከእጇ ቀማት። "እሷ ትምጣና ትጥራኝ። እሷ ካልጠራችኝ ንቅንቅ አልልም።"

እሷ የሚላት እናቷን ነው። እናቷ ከተቀበረች ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ የጀመረው ሰፊዋ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነው። ሰፈሩ የሚደግፈው ቡድን ዋንጫ የሚባል ነገር በህልሙም አልነካም ነበር። በየዓመቱ ደጋፊውን እስከ መጨረሻው ሳምንት አንጠልጥሎ ይወስድና እዚያ ሲደርስ ከእጁ ይለቀዋል። አባቷ በያጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያያይዝ ውሎ ያጠራቀመውን ይዞ ሄዶ፣ በሰፈሩ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ የተከለ ሰው ነው። ጨዋታ ባለ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ቤታቸው ይታጨቃል። ልጆች መሬት፣ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ ጎረምሶች ግድግዳ ተደግፈው።

አንድ ቀን ታዲያ በያጁ ለሽንት ወጣ፤ ቡድኑ አገባ። ተመለሰ፤ ተቆጠረበት። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ያን ጊዜ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ወጣት፣ "ጋሼ በያጁ፣ እስቲ ድገማትና ውጣ" አለው ለቀልድ። ወጣ። ደግመው አገቡ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀልድነቱ ቀረ። ቤቱ የራሱ፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ፣ ወንበሩ የራሱ፤ እሱ ግን ውጭ። ገደ ቢስ ተብሎ ከገዛ ሳሎኑ ተባረረ። የሰው ልጅ ኳስ ሲወድ ጭንቅላቱን አውልቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ ይሄን ያህል ሰው ተሰብስቦ አንድም "ኧረ ነውር ነው" ያለ የለም። ይባስ ብሎ እሱ ራሱ አመነበት። ቡድኑን ከሁላቸውም አብልጦ ስለሚወድ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሳይነግሩት ተነስቶ ይወጣ ነበር።

መስማትም ያው ማየት ነው ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ሲፈርድበት ደግሞ ጆሮውን በጥጥ መወተፍ ጀመረ። ከትራስ ጥጥ መዞ ማምጣት የትንሿ ልጁ ሥራ ሆነ። አንድ ጊዜ ጎረምሶቹ ሊስቁበት "አለቀ፣ ግባ!" ብለው ጠሩት። አምኖ ገባ፤ ጨዋታው አላለቀም ነበር፣ ባለቀ ሰዓት ገባባቸውና ያ ዓመትም እንዲሁ ከሸፈ። በያጁ የዚያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ከሚስቱ በቀር ማንም ቢጠራው ላይገባ ማለ። እሷ ትወጣለች፣ ከጆሮው ጥጡን ትነቅላለች፣ ውጤቱን ትነግረዋለች፣ ያኔ ይገባል። በሰፈሩ ውስጥ ዋሽታው የማታውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ዋንጫው የተገኘ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ሰፊዋ ያንን ቀን ለስንቱ ተርካዋለች! የእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ኳሷ ከማዕዘን ስትሻማ፣ ረጅሙ ተከላካይ በግንባሩ ሲመታት፣ መረቡ ሲወጠር፣ ቤቱ በጩኸት ሲናጥ። ከዚያ እናቷ ያቺን ቢጫ አበባማ ቀሚሷን ለብሳ ከበሩ ስትወጣ፣ አባቷ ጋ ደርሳ ጥጡን ስትነቅል፣ አባቷ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ሲንሸራተትና መሬት ላይ ቁጭ ሲል። እናቷ ምን እንዳለችው ግን አልሰማችም።

አሁን የምትፈልገው ያንን ቃል ነው። አባቷ ስሟን አንዳንዴ ይረሳል፣ እራት መብላቱን ይረሳል፣ ሚስቱ መሞቷን ሁልጊዜ ይረሳል። አሥር ሰዓት ሲል ግን ተነስቶ ከትራሱ ጥጥ ይመዝዝና ይወጣል። ባለፈው ወር ሳንባው ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሐኪሟ "ሌላ ብርድ ከመታው አይተርፍም፤ እንዳታወጪው" አለቻት። ሰፊዋ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። እሷ መች አወጣችው? ማስገባቱ ነው ያቃታት።

በሩን ቆልፋበት አይታለች፤ ያ ዕድሜ ልኩን መዶሻ የጨበጠ እጁ እስኪደማ በሩን ደበደበው። ጎትታው አይታለች፤ ከስቶም ቢሆን እንደ ብረት ምሰሶ ተተክሎ አልነቃነቅ አላት። ጥላ ይዛለት ቆማ አይታለች፤ "ሰው ያየናል፣ ሂጂ" ብሎ ገፈተራት። ያቺን ቃል ካገኘች ግን ከማንም አፍ ብትወጣ ያውቃታል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ሌላ ተስፋ አልቀራትም።

ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

"ዋንጫ የበላን ቀን እማዬ ወጥታ ለአባዬ ምን አለችው?"

"ኧረ ያ ቀን!" አለ፤ ድምፁ ወዲያው የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። "ግራ እግሩን አስታወስሽው? ከሳጥኑ ውጭ እንዴት አድርጎ እንደመታት!"

"በግንባሩ ነው። አባዬን እኮ ነው የምጠይቅህ።"

"አባዬማ..." ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። "እኔ እንጃ እህቴ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ስጨፍር ነበር። መቼ እንደገባ ራሱ አላውቅም።"

"እየሞተብኝ ነው እኮ! ቆሞ እየሞተብኝ ነው!"

"ሁለት ቀን ታገሺኝ፣ ይሄን ጭነት ላራግፍና እመጣለሁ።" ሁልጊዜ ሁለት ቀን ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደች። አርጅቷል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መቀሱን ለልጁ ለቆ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ተነስቶ ቆመ።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲያ ያለ ጎል ከዚያ ወዲያ አላየሁም! በረኛው በስተቀኝ ወደቀ፣ ኳሷ በስተግራ። እኔ ከደስታዬ ብዛት የአባትሽን ወንበር ሰበርኩት!"

"ጋሼ፣ እናቴ ለአባቴ ምን እንዳለችው ሰምተዋል ወይ?"

"አባትሽ..." ግንባሩን አሻሸ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ። "አባትሽ ውጭ ነበር፣ አይደል? በእውነት ልጄ፣ ያን ቀን አንድም ሰው ስለሱ ያሰበ አይመስለኝም።" ቁጭ አለ። "አሁንም ይወጣል አሉ?"

"አዎ።"

"ይቅር በሉኝ" አለ ሽማግሌው፣ መሬት መሬቱን እያየ። ደሟ ፈልቶ ነበር የሄደችው፤ ይሄን ስትሰማ ቁጣዋ በርዶ ተመለሰች።

ማግሥቱን ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ሸሚዝ ኪስ ገልብጣ ሰፋች። አፉ ወደታች ነው። ባልደረባዋ አንስታ "ይሄ ልጅ እስክሪብቶውን በጫማው ሊይዝ ነው?" ብላ ስትስቅ ሰፊዋ አብራ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነባት። ማሽኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ኪሱን እየተረተረች ሳለ ነው የእናቷ ቀሚስ ትዝ ያላት። ቢጫው፣ አበባማው፣ እናቷ ለጨዋታ ቀን ብቻ የምትለብሰው። ሣጥን ውስጥ አለ።

አስፈቅዳ ቀደም ብላ ወጣች። እናቷ ከሷ ታጥር ነበር፤ ስለዚህ የቀሚሱን ጠርዝ ፈትታ ለቀቀችው፣ ጎኖቹን ጠበብ አድርጋ ሰፋቻቸው። ወገቡ ላይ ስትደርስ የእናቷን የስፌት እጅ አገኘች፤ ወፍራም፣ የተጣደፈ ስፌት። እሱን አልፈታችውም። ለበሰችው። ፀጉሯን እንደ እናቷ ወደ ኋላ ጠቅልላ አሰረች። መስታወት አላየችም፤ ካየች ድፍረቷ እንደሚከዳት ታውቃለች።

ከበሩ ወጣች። ካፊያው ወደ ዝናብ ተቀይሯል። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ደረሰች፣ ትከሻውን ነካች፣ ጥጡን ከጆሮው ነቀለች። አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ጎል፣ ያ ሁሉ ትዝታ፣ አንዲት ቃል አልወጣ አላት። እንባዋ ብቻ ግንፍል ብሎ ወረደ።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። ቀሚሱን አየ። ከዚያ ፊቷን።

"ተሸነፍን?" አለ።

ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም ብላ።

"አሸነፍን?"

እሺታዋን በአንገቷ ነገረችው። አባቷ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተ፣ ልክ ያኔ እንደሆነው፣ እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለ እንደ ልጅ ሳቀ። ለካ እናቷም ያን ቀን ምንም አላለችውም ነበር። ሰፊዋ ብብቱ ውስጥ ገብታ አነሳችው። ተነሳላት። እየሳቀ፣ እየተደገፋት ገባላት! ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ እርጥብ ኮቱን ገፈፈችው፣ ብርድ ልብስ ደረበችበት። ሻይ ልትጥድ ዞር አለች።

"ሚጢጢስ?" አለ ከኋላዋ።

ሚጢጢ እሷ ናት። እንዲያ ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ!

"ልጅቷን አስገቢያት እንጂ" አለ አባቷ። "ከመጀመሪያው አንስቶ አብራኝ ውጭ ናት። ሂጂ ብላት፣ ብላት፣ አልሰማ አለችኝ። 'አንተ ካላየህ እኔም አላይም' ብላ በርሜሉ ሥር ቁጭ ብላለች። ጥጡን ለኔ ሰጥታ የሷ ጆሮ ባዶውን ነው።"

ሰፊዋ የያዘችው ማንቆርቆሪያ ውኃው ፈሰሰባት። የበርሜሉ ቅዝቃዜ ጀርባዋ ላይ ተሰማት። እናቷ ከበሩ ስትወጣ የምታስታውሰው ፊቷን ነው እንጂ ጀርባዋን አይደለም፤ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ጀርባዋን ነበር የምታየው። ጎሉን አላየችውም። የእናቷ ጭንም፣ የተከላካዩ ግንባርም፣ የተወጠረው መረብም ከሌሎች አፍ የለቀመችው ነው። ያን ቀን የነበረችው አባቷ ጋ ነበር።

"አትሰሚም እንዴ?" አባቷ ብርድ ልብሱን ጥሎ ተነሳ። "ብርዱ ይገላታል!"

"ቁጭ በል፣ አመጣታለሁ!" አለችና ሮጠች። ጓዳ ገብታ ቀሚሱን አውልቃ ጣለችው፤ የሥራ ልብሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን ፈታች። በጓሮ በር ወጥታ፣ ዝናቡ ውስጥ ዞራ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባች።

"አባዬ፣ መጣሁ።"

"ሚጢጢዬ!" እጇን ይዞ በትንፋሹ ማሞቅ ጀመረ። "አየሽ? አሸነፍን! አላልኩሽም?" ከወንበሩ ጎን አስቀመጣት። እርጥብ ፀጉሯን በእጁ መዳፍ አደረቀላት። ሰፊዋ ጭኑ ላይ ተደፍታ ምነው እዚሁ ላይ በቀረ ብላ ተመኘች።

ከዚያ እጁ ቆመ።

"እናትሽስ?"

የወደቀውን ብርድ ልብስ አንስታ ደረበችለት።

"አንቺን ልትጠራ ወጣች እኮ። አልተገናኛችሁም?" ተነሳ። ወደ በሩ አመራ። "በዚህ ዝናብ እየፈለገችሽ ነው። ነጠላ ቀሚስ ብቻ ነው የለበሰችው።"

ሰፊዋ ቀድማ በሩ ላይ ተገተረች። ሂጂና ቀሚሱን ልበሺ አላት ሐሳቧ። ከለበሰች ደግሞ ሚጢጢን ሊፈልግ ይወጣል። እሷ ደግሞ አንድ ሰው ናት።

"አባዬ፣ እማዬ የለችም" አለችው። "እማዬ ሞታለች። ቀብረናታል። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።"

አባቷ ቆሞ አያት። አላለቀሰም። የሰማውን ነገር በዝግታ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ እንደሆነ በጣቱ እንደሚሞክር በያጅ፣ ሲነካካው ቆየ።

"ታዲያ እኔን ማን ሊጠራኝ ነው?" አለ።

"እኔ! እኔ እጠራሃለሁ!"

እሱ ግን ከኪሱ ጥጡን አውጥቶ በጣቶቹ መሀል ማሾር ጀምሯል። አንደኛውን ጆሮውን ወተፈ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ሰፊዋ ሁለቱንም ትከሻዎቹን ይዛ "እኔ አለሁ አባዬ፣ እኔ እጠራሃለሁ" እያለች ትጮኻለች። እሱ ከትከሻዋ በላይ በሩን እያየ፣ እንድታሳልፈው በትህትና እጁን ዘረጋ።