በባዶ እግር የሚሰፋ ቀሚስ

«የስኳር መርፌ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ አይተርፍም» ይላል ከስፌት ቤቱ አጠገብ ልብስ የሚተኩሰው ባለካውያ። ጠዋት ካውያው እስኪግል ይህችን ቃል ይላታል፤ ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ፊቱን ሲሸፍነው ይደግማታል። «የገዛ ወንድሜን አይቼ ነው የምናገረው። መርፌ በታዘዘለት በዓመቱ እግሩ ሄደ!»

ልብስ ሰፊዋ ሰምታ እንዳልሰማች ትሰፋለች። ክኒኑ ስኳሯን ማውረድ ካቃተው ሰንብቷል። ኢንሱሊን ታዞላት ብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። ዕድሜዋን ሙሉ ከመርፌ ጋር የኖረች ሴት መርፌ ፈራች ቢባል ማን ያምናል? እሷ ግን የምትሳሳው ለእግሯ ነው። ፔዳሉን በባዶ እግሯ ካልረገጠችው ማሽኑ አይታዘዝላትም፤ ጫማ ያደረገች ዕለት ስፌቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

ቁልፍ የምትተክለው ታናሽ እህቷ ደግሞ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ነው።

«ጋሼ፣ ሐኪም የሆንከው መቼ ነው? ወይስ ካውያው ጭንቅላትህን ነካው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ስፊው!»

«ክር አልቆብኛል።»

አንድ ቀን ታናሺቱ የወደቀ ስፒል ልትለቅም ማሽኑ ስር ገባችና ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

«እትዬ፣ እግርሽን አንሺ።»

«እጅጌዋን ልጨርስ።»

«አንሺ አልኩሽ!»

ፔዳሉ ላይ ደም አለ። ከአውራ ጣቷ ስር አንድ ስፒል እስከ ራሱ ገብቷል፤ ዙሪያው ቀልቶ አብጧል። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ እንደ ሌላ ሰው እግር አየችው። ምንም አላመማትም። ያስፈራትም ይኸው አለማመሙ ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ስፒሉን አወጣች፤ ቁስሉን አጥባ አሸገች። ከዚያ ዓይኗን አስጨፍና ውስጥ እግሯን በቀጭን ክር ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሰማሻል?»

«መች ነካሽኝና?» አለች ሰፊዋ።

ታናሺቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እግር የሚያስቆርጠው መርፌው አይደለም» አለች ነርሷ። «ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ሥርም ያጠባል። ቁስሉ አይሰማሽም፤ እንደ ልብም አይድንልሽ። ይሄ ጥቂት ቢያድር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ከእንግዲህ ባዶ እግር የለም! ጫማሽን ስታደርጊ መጀመሪያ ውስጡን በእጅሽ ዳብሺ። ማታ ማታ እግርሽን ገልብጠሽ እዪ።»

«ውስጥ እግሬን እንዴት አድርጌ?»

«በመስታወት።»

«መስታወት ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ!» አለች ታናሺቱ።

ነርሷ የኢንሱሊኑን አወሳሰድ አሳየቻት። ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ የሆዷን ቆዳ ቆነጠጠችና ወጋችው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ይሄማ ከእጅ መርፌዬም ይቀጥናል! ለዚህ ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሁት?»

ቁስሉ ቀስ ብሎ ደረቀ። ሰፊዋ ሽፍንና ለስላሳ ጫማ አድርጋ ፔዳል መርገጥ እንደ ጀማሪ ተማረች። የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች ጠማማ ነበሩ፤ ታናሺቱ «ይሄ ቀሚስ የት ሊሄድ ነው መንገድ የጠፋበት?» እያለች ሳቀችባት። ሲመሽ ግን የእህቷን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የሠርግ ልብስ ስፌት እንደምትመረምር በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ታያለች።

«አንቺ ባትኖሪልኝ ኖሮ እኮ…» ትጀምራለች ሰፊዋ።

«እሱን ሌላ ጊዜ ታመሰግኚኛለሽ እትዬ፤ አሁን ያኛውን እግር አምጪው።»

አንድ ጠዋት ባለካውያው የተተኮሰ ቀሚስ ይዞ ገባ። ሰፊዋ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ፔዳሉን እየጀመረች ነበር።

«ጋሼ፣ እኔስ ሆዴ ላይ ለመድኩት» አለችው። «ወንድምህ መርፌውን የት ነበር የሚወጋው?»

ባለካውያው ቀሚሱን ሰቅሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ኧረ የት ይወጋል! እንደ ፈራ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞክረው ነው እኮ እግሩ የሄደው።»