የሐሙስ ማታ ባልና ሚስት

«ጥሏት ሄደ ነው የሚባለው» አለች ቱርኪያ። «ጡረታ ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው የአቡ ዳቢውን የኻሊዲያ ቤት ለቆ እዚህ አል አይን ገባ። ብቻውን ኖረ፣ ይኸው ብቻውን ሞተ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» ጀሚላ ብርጭቆ እያጠበች ዞር አለች። «በየሐሙሱ ማታ አውቶቡስ መቆሚያ ሄዶ የሚቀበላት ማን ሆነና? እሷ ፊት ፊት፣ እሱ ቦርሳዋን ተሸክሞ ከኋላ! እኛ ባሎቻችንን የምንሰድበው ከጧሂር ጋር እያወዳደርን ነበር።»

«እንዲያ ከተዋደዱ ሁለት ቤት ምን አስፈለጋቸው?»

ጀሚላ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች።

የሟቹ ሚስት ዛኪያ ከመጋረጃው ወዲህ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ቱርኪያ አቡ ዳቢ፣ መዲናት ዛይድ ባለው ልብስ ስፌት ሱቅ አብራት ትሠራለች፤ ጀሚላ ደግሞ የዚህ የአል ቃጣራው ቤት ጎረቤት ናት። ሁለቱም ያዩትን ነው ያወሩት። አልተቀየመቻቸውም።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ማታ ልጇ ሩዋይዳ ወደ አቡ ዳቢ ልትወስዳት ተዘጋጅታለች። ባል የሞተባት ሴት ከቤቷ የምትቀመጠውን ኢዳ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀኑን፣ ኻሊዲያ እንድትቀመጥ ዘመድ ተነጋግሮ ጨርሷል። እሷን የጠየቃት የለም።

ሩዋይዳ ስልኳን እንደያዘች መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ኡሚ፣ የሱቁ ማዳም ደውላ ነበር። ኻሊዲያ ከሆንሽ ቀን ቀን እየሠራሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ ቦታሽ አይነካም። እዚህ ከቀረሽ ግን ኸላስ፣ ሌላ ሰው ታስገባለች። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽም በሱቁ ነው።»

«ሰማሁ።»

«ደግሞ ይሄ... አባ አንቺን ትቶ የመጣበት ቤት ነው። እዚህ ተቀምጠሽ እንድታለቅሺ አልፈልግም።»

ዛኪያ ልጇን አየቻት። ዓይኗ አብጧል። ይህችን ልጅ አባቷን ተቀይማ እንድትቀብረው ያደረጋት የእሷ ዝምታ መሆኑ ያኔ ገባት።

ጧሂር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ዛኪያ ዓርብ ስታርፍ እሱ የዚያን ቤት ማዳምና ልጆቿን ይዞ ባሕር ዳርቻ ለባሕር ዳርቻ ይዞር ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ዓርብ አብረው ውለው አያውቁም። ዕድሜው ሲገፋ አሠሪው፣ ካፊሉ፣ የአገልግሎቱን ከፍሎ፣ አቅፎ አሰናበተው። ሩዋይዳም ኢቃማውን በስሟ አዞረችለት። ጧሂር ከሥራ አረፈ። ዛኪያ ግን መከራዋ ያኔ ጀመረ።

ቅመሞቿን በቁመት ደረደራቸው፤ በርበሬ ስትፈልግ እርድ ይወጣል። ኤሲ ብር ይበላል ብሎ ሪሞቱን ኪሱ ይዞ ይውላል። ቲማቲም ልትገዛ ስትወጣ ይከተላትና እያንዳንዱን እየጨበጠ፣ «እስከ ዛሬ እንዲህ ስታባክኚ ኖረሻል?» ይላታል። ዓርብ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ እንግዶች ግድግዳ ያያሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጨርቅ እየቀደደች፣ «ጧሂር፣ አንተ ስታርፍ እኔ ደከመኝ። እባክህ ወደ አንድ ቦታ ሂድልኝ» አለችው። እሱም ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። «ወላሂ ልክ ነሽ፤ እኔም ራሴን ሰልችቻለሁ።»

«ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ዛኪያ።

«ምን?»

«አባትሽን። ቤቱንም አብረን ነው የመረጥነው፤ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ የቴምሩ ጫካም ቅርብ ነው ብለን። እሱ ጠዋት ጠዋት ጥላው ውስጥ እየተራመደ ስኳሩ ወረደለት። ሐሙስ ማታ እኔ እመጣለሁ። ምግቡን እሱ ይሠራል፤ ጨው ይበዛበታል፣ እበላለሁ። ዓርብ ታክሲ ይዘን ጀበል ሐፊት ተራራ እንወጣለን። አንድ ቀን ቀጭኔ ለማየት ከፍለን ገባን።»

«ቀጭኔ? ኡሚ፣ ሲሪየስ ነሽ? አባ ለቀጭኔ ብር ከፈለ?»

«ለሁለታችን። አይስክሬምም ገዛልኝ።» ዛኪያ በለቅሶው መሃል ፈገግታ አመለጣት፤ በሻሽዋ ጫፍ ሸፈነችው። «ዕድሜ ልካችንን ያገኘነውን ሁሉ አገር ቤት ስንልክ ኖረን፣ ለራሳችን ያወጣነው ያኔ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ስልኩን እንኳ አላነሳለትም ነበር!»

«አፈርን። በዚህ ዕድሜያችን እንደ እጮኛ ተቀጣጥረን ስንገናኝ ምን እንበልሽ? 'ትለምደዋለች' ይለኝ ነበር፤ ግን ስልኩን ሳታነሺ ስትቀሪ ይከፋው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። የሱ አይደለም።»

ሩዋይዳ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ደፍታ አለቀሰች። የእስከ ዛሬው ለቅሶ እንዲህ ድምፅ አልነበረውም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኡስታዝ ኑረዲን ዱዓ አድርገው ጨረሱ። የቱርኪያ ባል መኪናውን አስነስቷል። ሴቶቹ ዛኪያን ደግፈው በሩ ድረስ አወጧት፤ ጫማዋን አጠለቀች። እዚያው ቆመችና፣ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ኢዳ የሚቀመጡት የት ነው?»

«ከባልሽ ጋር ከኖርሽበት ቤት ነዋ፣ እህቴ።»

«ቤቱ ሁለት ቢሆንስ?»

ኡስታዙ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ። «ከባልሽ ጋር የቱ ውስጥ እንደኖርሽ እኔ ልነግርሽ አልችልም። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ቱርኪያ ክንዷን ሳብ አደረገቻት። «ዛኪያ፣ ሥራሽን አስቢ እንጂ! ሃያ ዓመት የተቀመጥሽበት ማሽን እኮ ነው!»

ዛኪያ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ጎንበስ ብላ አንዱን ጫማ አወለቀች፤ ሌላውንም። ከበሩ ጎን፣ ከጧሂር ነጠላ ጫማ አጠገብ አስተካክላ አስቀመጠቻቸው።

«ሩዋይዳ፣ ለማዳም ደውይላት» አለች፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ማሽኑን ለሌላ ትስጥ። ኢቃማዬን በስምሽ ካዞርሽልኝ እሰየው፤ ካልሆነም ኢዳዬ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ። ኢዳዬን ግን የምቀመጠው እዚህ ነው። ከባሌ ጋር የኖርኩት እዚህ ነው።»