ሲጋራ የሌለበት እረፍት

ሐኪሙ የአናጺውን ውጤት አገላብጦ አየና፣ «ካንሰር የለብህም፤ አንተ ግን በር ከፍተህ ግባ እያልከው ነው» አለው። አናጺው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ አልነካም። ሱሱንስ እንደምንም ቻለው። ያልቻለው እረፍቱን ነበር።

ከእህቱ ባል ጋር አልጋና ቁምሣጥን ይሠራሉ። አማቹ ቀጭን፣ ምላሱም ስል ስለሆነ ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል። ሥራ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ወሬ አያስወራም፤ ሰጋቱራው ደግሞ እሳት አይወድም። ስለዚህ የልጆቹም፣ የኳሱም፣ የሐሜቱም ጉዳይ የሚያልቀው ደጃፍ ላይ ሲያጨሱ ነበር። አሁን ሚስማር ብቻውን ይወጣል። አናጺው አጠገቡ እንዳይቆም ጭሱን ይፈራል፤ አንዴ ቢስብ አበቃለት። ከውስጥ ሆኖ የአማቹን ጀርባ እያየ ጣውላ ይልጋል። «ወዳጅነታችን የቆመው በሲጋራ ብቻ ኖሯል እንዴ?» እያለ ይብሰለሰላል።

አንድ ቀን መላጊያውን ጥሎ ወጣ።

«ና፣ ሰፈሩን አንዴ ዞር ዞር እንበል።»

«ማን ሞቶ?» አለ ሚስማር።

«ማንም እንዳይሞት ነው። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎኛል።»

«እኔ ለሰው የታዘዘ መድኃኒት አልወስድም!»

ቢሆንም ሲጋራውን እንደያዘ ተከተለው።

«በዚያ በኩል ሁን፣ ጭስህ ይመጣብኛል።»

«እሺ፣ ሙሽራው!»

አቀበቱ ላይ ሲደርሱ አናጺው ሆነ ብሎ የኳስ ወሬ አነሳ። «ትናንት ቡድንህን ያስበላው በረኛው ነው። ቆሞ ተኝቷል።»

ሚስማር ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳል ቀደመው። ሲጋራውን አንዴ ሳበና እንደገና ሊናገር ሞከረ፤ አሁንም ሳል።

«አሰልጣኙም ቢሆን...» ቀጠለ አናጺው።

«ቆይ! ቆ... ቆይ አልኩህ!»

«ማን ያዘህ ወንድሜ? ተናገር እንጂ።»

ሚስማር በክርክር ተሸንፎ አያውቅም። ግማሽ የቀረውን ሲጋራ አየ፣ አማቹን አየ፣ ከዚያ ሲጋራውን መሬት ጥሎ ረገጠው።

«ስማ እንግዲህ!» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «በረኛው አልተኛም! ተኝተህ ያየኸው አንተ ነህ...»

አናጺው ሳቁ እንዳይታይበት ፊቱን አዞረ። ዞረው ደጃፋቸው ሲደርሱ ሚስማር ገና የበረኛውን ጉዳይ አልጨረሰም ነበር።

«ወዴት ልትገባ ነው?» ብሎ ክንዱን ያዘው። «የአሰልጣኙ ጉዳይ ቀርቷል። አንድ ዙር ጨምር።»