ከፍ ስናደርገው የወደቀው ወንድሜ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሒሳብ ላስተምራችሁ አይደለም። ግን አንድ ቀን በዐይኔ ያየሁት ቁጥር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

የቤት ዕቃ መሥሪያው ውስጥ አሥራ ሰባት ሠራተኞች ነበርን። እኔ እንጨት አለሰልሳለሁ፣ ባለቤቴ የወንበር እግር ይገጥማል፣ ታናሽ ወንድሜ አናጺ ነው። የመጋዙ ማሽን ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ከወሰደበት ወዲህ ግን መላጊያ መጨበጥ አቃተው። የቀረለት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጣው አለቃችን ቦታ። ያን ካላገኘ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

ለአለቅነቱ ሦስት ሰዎች ቀረቡ፤ ወንድሜ፣ ቀለም ቀቢዋና ሶፋ ሰፊው። ጸሐፊያችን ደንቡን አስረዳችን።

"ሦስቱንም በቅደም ተከተል ጻፉ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ፣ ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ይወጣል። ወረቀቶቹ ግን አይጣሉም፤ ሁለተኛ ብለው ለጻፉት ሰው ይሄዳሉ።"

"ይሄስ ፍርድ ነው" አለ ባለቤቴ። "የማንም ድምፅ ሜዳ ላይ አይቀርም።"

እኔና እሱ ቤታችን ተማክረን ነበር። ለሥራው ቀቢዋ ትሻላለች፤ ስለዚህ እሷን አንደኛ፣ ወንድሜን ሁለተኛ ብለን ጻፍን። ሰልፉ ላይ ቆመን ሳለ ግን ወንድሜ በቀሩት ጣቶቹ እስክሪብቶ ለመያዝ ሲታገል አየሁት።

"አንተ ሰው" አልኩት ባለቤቴን በሹክሹክታ፣ "የእናቴን ልጅ ሁለተኛ ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል?"

"አንቺንማ ምን ጊዜም ይወስድሻል፤ የማንኮራፋትሽ ዳኛ እኔ ነኝ" አለኝ። ቢሆንም ሌላ ወረቀት ያመጣው እሱ ነው። ሁለታችንም ወንድሜን አንደኛ፣ ቀቢዋን ሁለተኛ አደረግን።

ተቆጠረ። ወንድሜ ስምንት፣ ሶፋ ሰፊው አምስት፣ ቀቢዋ አራት። ለማሸነፍ ዘጠኝ ያስፈልግ ነበርና ወንድሜን አንዲት ድምፅ ጎደለችው። ቀቢዋ ወጣች። የመረጧት አራት ወረቀቶች ሲታዩ፣ አራቱም ሁለተኛ ያሉት ሶፋ ሰፊውን ነው። ዘጠኝ ለስምንት። ወንድሜ ተሸነፈ።

ሰው ሲበተን ለጸሐፊዋ ያደረግነውን ነገርኳት። እሷም ከወንድሜ ክምር ሁለት ወረቀት አንሥታ ቀቢዋ ላይ ጨመረች።

"እስቲ እንደ መጀመሪያው ሐሳባችሁ እንቁጠረው።"

ወንድሜ ስድስት፣ ቀቢዋ ስድስት፣ ሶፋ ሰፊው አምስት። አሁን የሚወጣው ሶፋ ሰፊው ሆነ። አምስቱን ወረቀቶች አገላበጠች፤ አምስቱም ሁለተኛ ያሉት ወንድሜን። አሥራ አንድ ለስድስት። ወንድሜ አሸነፈ።

ጠረጴዛው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ከሁለታችን በቀር ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። ዝቅ ብናደርገው የሚነሣውን ሰው፣ ከፍ አድርገን ጣልነው። ሦስቴ አስቆጠርኳት፤ ሦስቴም ያው። በተራ ወረቀት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር ተኝቶ እንደሚኖር ማን ያውቃል?

"ቀቢዋን ያስወጣናት እኛው ነን" አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ። "እሷ ስትወጣ በሩ ለሶፋ ሰፊው ተከፈተ።"

"አቆጣጠሩ ተሳስቶ ነው?" አልኳት ጸሐፊዋን።

"አልተሳሳተም፤ ደንቡ ራሱ እንዲህ ነው። እንከን የሌለበት ደንብ ደግሞ እኔ አላየሁም።"

ወንድሜ ለካ ከኋላችን ቆሞ ይሰማል። እንባዬ እየወረደ፣ "እንደገና ይመረጥ በላቸው" አልኩት።

"እትዬ፣ እኔና ሶፋ ሰፊው ብቻ ብንቀርብስ?" አለኝ። "እናንተ የመጀመሪያውን ወረቀት ጻፉ የኋለኛውን፣ የሶፋ ሰፊው አምስትና የቀቢዋ አራት፣ ዘጠኙ ሰው ከእኔ እሱን ያስቀድማል። ታዲያ ባሸንፍ ኖሮ ለእነሱ ፍርድ ይሆን ነበር?"

እሱ ሽርጡን ፈታ፣ ሶፋ ሰፊውን ፈልጎ ጨበጠው፣ "ሥራው ይቅናህ" ብሎት ወጣ። ሰኞ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም።

እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ይሰጣችሁ ይሆናል። ያኔ በፍቅር ጻፉ፤ ፍቅር ብቻውን ግን ሰውን እንደማያቆም አትርሱ። ወንድሜንም፣ ያቺን በራሱ ላይ የፈረደባትን ጥያቄውንም፣ አደራ አስታውሱልኝ።