ከጋራዡ በላይ ያለችው ክፍል

ሰዉ ጆሮ ይለኛል። ሞተር የምመረምረው በጆሮዬ ነው እያልኩ ስለምኮራ የወጣልኝ ስም ነው። ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ከአራቱ ሲሊንደር የትኛው እንደሰነፈ እነግራችኋለሁ። ይህን ለጉራ አይደለም የማወራው። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ስም ሲጠሩኝ እሸማቀቃለሁ።

ጡረተኛው ሹፌር መጀመሪያ የመጡት ሥራ አናቴ ላይ በወጣበት ሳምንት ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ መኪና አለቻቸው። በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች፤ ያም ሆኖ ክሮሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

«ጆሮ፣ ይቺ ልጅ ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ» አሉኝ። እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ሲያነሱ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። መብራት ላይ እየቆመች የሰው መሳቂያ አድርጋቸዋለች።

እጄ የሌላ ሰው መኪና ማርሽ ውስጥ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ «ጋሼ፣ የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው። የሚኒሞዋን ብሎን ትንሽ ጠበቅ ያድርጉና ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስተው ያሙቋት። ይተዋታል» አልኳቸው።

አመስግነውኝ ሄዱ። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው።

ሁለት ወር ቆይተው ተመለሱ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። «ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! አሁንስ ከደጅም አልወጣ ብላለች። እባክህ ቤት መጥተህ እያት» አሉኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ቤታቸው ጠባብ መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ነው። ምድሩ መኪና ማቆሚያ ነው፤ በላዩ የእንጨት ወለል ያላት አንዲት ሰፊ ክፍል አለች። እሳቸው የሚተኙት ከጓሮ በኩል ነው። ላይኛዋ ክፍል የታላቅ እህታቸው ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባል አላገቡም፣ ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስገባ የስፌት መኪናቸው ፔዳል ከላይ ይሰማኝ ነበር፤ ይረገጣል፣ ያርፋል፣ ይረገጣል።

ድምፃችንን ሰምተው ደረጃው ላይ ብቅ አሉ።

«መካኒኩ አንተ ነህ? በዚህ ቤት ሁለት መኪና አለ። የምትሠራው የኔዋ ብቻ ናት!»

ሳቅን። እትዬ ግን የሳቁት ግድግዳውን ተደግፈው ነው።

«ደህና አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ራሴን ነው ልጄ። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት በመዶሻ ይቀጠቅጠኛል። ትናንት አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ለሰው ሰጠሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርቼ አላውቅም።»

«እርጅና ነው እትዬ» አሉ ወንድማቸው። «ሐኪሙስ ያለሽ ይህንኑ አይደል?»

«እርጅና ከሆነ የእህታችን ልጅ ቤት ስሄድ ለምን ይተወኛል? እዚያ ሳምንት ስከርም እንደ ልጃገረድ ሆኜ ነበር። እዚህ ስመለስ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።»

«ቤቴ አልተመቸኝም በይኛ!» አሉ ሹፌሩ። ቀልድ ሊያስመስሉት ሞከሩ እንጂ ከፍቷቸዋል። እትዬ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አላመለጠኝም።

የጋራዡ በር ተዘግቶ ነበር። «ይከፈት እንጂ ጋሼ» ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጎረቤታችን አስተማሪ ነው። እንቅልፍ ነሳችኝ ብሎ ሁለቴ ጮኸብኝ። ከሰው ከምጣላ ብዬ ዘግቼ ነው የማሞቃት» አሉኝና ከኋላ ያለችውን ትንሽ መስኮት ገፋ አደረጓት። እኔም እሺ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጭስ ስውጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህች ደግሞ!

አስነሳናት። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ካቻቪቴዬን ሚኒሞዋ ላይ አድርጌ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ ፈጠነች። መለስ ሳደርገው ልትጠፋ ሆነ። የአየሩን ብሎን ሞከርኩ፤ የነካኋት አትመስልም። የሆነ ቦታ ንፋስ ትስብ ይሆናል ብዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመቅኩ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ሞተሩ እንደሚያቃስት በሽተኛ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። እልህ ያዘኝ። ሰዓቴን ሳይ አርባ ደቂቃ አልፏል። ግንባሬን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፤ ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ ተውኩት። ሹፌሩ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠው በላይ በላዩ ያዛጋሉ።

ካንዴላ ለማየት ሞተሩን አጠፋሁ። ያወጣኋት ካንዴላ ጥቀርሻ ለብሳለች። የካርቡራተሩን ክዳን ፈታሁ። የቤንዚኑን ከፍታ የምትጠብቀው ትንሽዬ የናስ ተንሳፋፊ፣ ላይ መዋኘት ሲገባት ሥር ሰምጣለች። አውጥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት፤ ውስጧ ፈሳሽ ይንቦጫቦጫል። ተበስታለች። ለካ መኪናዋ ሁለት ወር ሙሉ ከልኳ በላይ ቤንዚን ስትጠጣ፣ አቃጥላ ያልጨረሰችውን ስትተፋ ነው የኖረችው።

«ጋሼ፣ ያዝኳት! ይኸውልዎ!» አልኩ።

ጸጥታው የተሰማኝ ያኔ ነው። ፔዳሉ የለም። መቼ እንደቆመ አላውቅም። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ጣውላዎቹ ጠቁረዋል፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል ከእትዬ መስኮት የሚመጣው ብርሃን ይታያል። ጭሱም ወደዚያው ይሳባል።

«ጋሼ፣ እትዬ ዝም አሉ።»

«ተኝታ ይሆናል። ሰሞኑን ቀን ቀን መተኛት…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ከበርሜሉ ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ብብታቸውን ይዤ ደረጃውን ስንወጣ የኔም እግር የሰው እግር ሆነብኝ።

እትዬ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተዋል። ጉንጫቸው ጨርቁ ላይ፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። «እትዬ! እትዬ ጋሻዬ! እኔ ነኝ!» እያሉ ሹፌሩ ቢያነሷቸው ጭንቅላታቸው እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ወደቀ። ተሸክመን መንገድ ላይ አወጣናቸው። ጩኸታችንን ሰምቶ አስተማሪው በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ፤ ምንም ሳይጠይቅ የራሱን መኪና አስነሳ።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሟ ወጥታ ሁለታችንንም ገረመመችን።

«ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር ነበር?»

«መኪና» አሉ ሹፌሩ።

«በተዘጋ ቤት? ለስንት ጊዜ?»

«ሁለት ወር። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት።»

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

ሹፌሩ ወደ እኔ አልዞሩም። «በራሴ ነው» አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ምላሴ አፌ ውስጥ ነበረች፣ አልተቆረጠችም፤ ዝም አልኩ።

እትዬ አልሞቱም። ድሮ የነበረውን አንድም አልረሱም፤ የአባታቸው ካፖርት ስንት ቁልፍ እንደነበረው ይነግሯችኋል። አዲስ ነገር ግን አይዝላቸውም፤ ዛሬ የሰሙት ነገ የለም። የእህታቸው ልጅ ወስዳ ታስታምማቸዋለች። ተንሳፋፊዋን በየድኜ መልሼ ገጠምኳት፤ መኪናዋን ግን ያስነሳት የለም።

ሹፌሩ በየቅዳሜው እህታቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። እትዬም ሁልጊዜ የሚሏቸው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ከክፍሌ ለምን አወጣችሁኝ?» እሳቸውም አንዲት ሳያስቀሩ ይነግሯቸዋል፤ በሩን፣ ጭሱን፣ «እርጅና ነው» ማለታቸውን። የእህታቸው ልጅ፣ «አጎቴ፣ ለምን ራስህን ታቃጥላለህ? ወለሉን ልናድስልሽ ነው በላት» ብትላቸው እንቢ አሉ። «ጠየቀችኝ እኮ» ነው መልሳቸው።

ባለፈው ወር አብሬያቸው ሄድኩ። ሹፌሩ እንደ ልማዳቸው ነግረዋቸው ሲያበቁ፣ «እትዬ፣ ግማሽ ሰዓት ያሙቋት ያልኩት እኔ ነኝ። በሐኪሟም ፊት ዝም ብያለሁ» አልኳቸው። ሹፌሩ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እትዬ ብዙ ካዩኝ በኋላ፣ «ሥራ በዝቶብህ ነው ልጄ። ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። እየተንሰቀሰቅኩ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ስሄድ፣ «ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

እንደገና ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳቸው። በዚያን ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስክንወጣ ድረስም አልመለሱትም።