ላልቶ የሚታሰረው ቋጠሮ

ኧርስኪን ቶሊቨር ልጁ ሳትደርስበት ለመጨረስ፣ ገና ሳይነጋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የዓሣ መንጠቆ በክር ይቋጥራል። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ሰንብቷል። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ሊያስገባ ሲል ጣቱ ይንዘፈዘፋል፣ ክሩ ይስታል፣ ሽማግሌው ይሳደብና እንደገና ይጀምራል። ድሮ ጀልባ ላይ ቆሞ፣ ነፋስ እየገፋው፣ አፉን ብስኩት ሞልቶ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ መነጽር ሰክቶ መብራት ሥርም አቃተው። እንደምንም ሦስት አዘጋጀ። ከላይ መንጠቆ፣ ከታች ክሩን ወደ ሐይቁ ወለል የምትጎትት የእርሳስ ድብልብል። እጁን ስላላመነው የታችኛውን ቋጠሮ ደጋግሞ አጠበቀው።

ልጁ ረኔታ ከሜምፊስ የምትመጣው "አብረን ክራፒ ዓሣ እናጥምድ" ብላ ነው። የማጥመጃ ዘንግ ከያዘች ስንት ዘመኗ! ጎረቤት ስለ እጁ እንደነገራት ገብቶታል። እጁን ካየች የጀልባዋን ቁልፍ ትወስዳለች፣ ከዚያ ጀልባዋ ትሸጣለች። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያለችው ጀልባዋ ብቻ ናት። እሷም ከሄደች ቀሪ ዕድሜው ከቴሌቪዥን ጋር መፋጠጥ ነው።

ደግሞ ሕጉ አለ። ያወጣውም ራሱ ነው፦ መንጠቆውን ራሱ ያልቋጠረ ጀልባ ላይ አይወጣም። ረኔታ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ቋጠሮው ቢያስቸግራት፣ እያለቀሰች ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ትቷት ሄዷል። እናቷ ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች። እሱ ግን ፍንክች አላለም።

"ቋጥረሃል?" አለችው መሳፈሪያው ላይ ስትደርስ።

"ኧረ ገና ድሮ!"

"እኔም ሠርቼ ነው የመጣሁት። ደግሞ ዛሬም እንዳታስቀረኝ!"

ሳቀ። እጁን ግን ከኮቱ ኪስ አላወጣም።

ውሃ ውስጥ የሰመጡት ዛፎች ጋ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና ክራቸውን አወረዱ። ብዙም አልቆየ፣ የኧርስኪን ዘንግ ጫፍ ጎንበስ አለ። መዳፍ የሚሞላ ክራፒ! አንዱን ከመንጠቆው አላቆ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ደገመ። የረኔታ ዘንግ ንቅንቅም አላለም።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው? ማጥመጃህ እኮ ይጨፍራል፣ ዓሣው ለዚያ ነው የሚነክስልህ!"

"ምስጢር ነው።"

"ለልጅህ ደግሞ ምን ምስጢር አለ? እስቲ እጅህን ልየው፣ እንዴት ነው የምታወዛውዘው?"

የዓሣው ደስታ ከፊቱ ጠፋ። በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ጥፍንግ አድርጎ ይዞ "ዘንግሽን ተመልከቺ!" ብሎ ጮኸባት። ያልለመደችው ቁጣ ነበርና ፊቷን ወደ ዘንጓ መለሰች።

ከዚያ የኧርስኪንን ክር ቅርንጫፍ ያዘው። ቢስበው ከላይ ተበጠሰና መንጠቆውም እርሳሱም ውሃ ውስጥ ቀሩ። ሁለተኛውን በክሩ ጫፍ ባለችው ማያያዣ ሰካ፣ እሱም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውን ሲያወርድ ውስጥ እጁ በላብ ረጥቦ ነበር። ከዚህ በኋላ ትርፍ የለውም። ወዲያው የረኔታም ተያዘ። ሳብ ስታደርገው እርሳሱ ብቻ ተንሸራቶ ቀረ፣ መንጠቆዋ በሰላም ወጣ።

"ያንተ ለምንድን ነው ሁሉም የሚሄደው?"

"ቅርንጫፉ ነዋ! እኔ ምን ላድርግ?"

"ታችኛው ቋጠሮ ላላ ብሎ ይታሰራል። 'እርሳሱ ለዛፉ፣ መንጠቆው ለእኛ' ስትለኝ አልነበር እንዴ?"

ኧርስኪን የጠዋቱ ማጥበቅ ያን ጊዜ ታወሰው። ሦስተኛውም ተያዘና ተበጠሰ።

ረኔታ ሳጥኑን ከፍታ ባዶ መንጠቆ ዘረጋችለት። "እንካ፣ ቋጥር።"

ተቀበላት። ክሩን አንዴ ሞከረ፣ ሳተ። ደግሞ ሞከረ። ዓይኗ ጣቱ ላይ እንደተተከለ ቀና ሳይል አውቋል። መንጠቆው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"በርዶኝ ነው።"

"እያላበህ?" ድምጿ ዝግ ያለ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?"

"ከገና በፊት።"

"ሐኪም ጋ አልሄድክም?"

"ሐኪም ሄጄ ምን ሊፈይድልኝ? አንቺ ጋ ደውሎ ሊያሳብቅብኝ!" የጀልባዋን ጠርዝ ዳበሰ። "ልትሸጫት ነው፣ አይደል?"

ረኔታ መንጠቆውን አንስታ በጉልበቷ ላይ ጎንበስ ብላ መቋጠር ጀመረች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስትጨርስ ክሩን ወደ ላይ ያዘችው። ኧርስኪን አየው። ዝም ሊል ፈለገ፣ አልቻለም።

"ፍቺው።"

"ምን?"

"መንጠቆው አፍንጫውን ደፍቷል። ጫፉን መልሰሽ በዓይኑ አላሳለፍሽውም። ፍቺና እንደገና ሥሪ።"

በእንባዋ መሃል ሳቅ አፈናት። ፈታችው፣ እንደገና ቋጠረችው። መንጠቆው አሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። እርሳሱን ላላ አድርጋ አሰረች። ከዚያ እጇን ወደ ሞተሩ ዘርግታ ቁልፉን ነቀለችና ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ከእንግዲህ ብቻህን ውሃ ላይ አትወጣም።"

የፈራው ደረሰ።

"ካንቺ ጋርም ቢሆን ያው ነው" አለ። "ሕጉን ታውቂዋለሽ። ያልቋጠረ አይወጣም።"

"እንዴት አላውቀውም? መሳፈሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት እኮ እኔ ነኝ።" የቋጠረችለትን ዘንግ በሚንቀጠቀጠው እጁ ላይ አኖረችለት። "ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አንተው ሻረው።"

ኧርስኪን ዘንጉን ይዞ ተቀመጠ። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጀልባዋ እየራቀች ስትሄድ መሳፈሪያው ላይ ቁጭ ብላ ስታየው ትዝ አለችው።

"ሽሬዋለሁ" አለ በመጨረሻ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። ክሩን ወደ ዛፎቹ ለቀቀው። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፣ እሱም በግራው ሊይዘው አልሞከረም።