የጠገበ ድመት

"ግሪቡይ! ና! ግሪቡይ!"

ሊዞን ለዘጠነኛ ጊዜ ተጣራች። ድመቱ የድንጋይ አጥሩ ላይ እንደተጋደመ አንድ ዓይኑን ከፈት አድርጎ አያትና መልሶ ጨፈነው።

"አቁሙ!" አለ ዳይሬክተሩ ኤርቫን። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ወደ አሠልጣኟ ዞረ። "ሶላንዥ፣ ድመትሽ አድማ መታ እንዴ?"

"አንድ ነገር ሆኗል። ትንሽ ታገሠኝ።"

"እኔስ እታገሥሻለሁ። ፀሐይዋን ታገሺኝ በያት እንጂ!"

ሶላንዥ ድመቱን ትክ ብላ አየችው። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈችው ድመቶችን ለፊልም በማሠልጠን ነው። ውሻ የሚያሠለጥን ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ድመትን ከአጥር አስወርዶ፣ ግቢ አሻግሮ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ልጅ እቅፍ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ግን በመላው ፈረንሳይ ቢፈለግ በጣት የሚቆጠር ነው። ዘዴዋ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጢጥ የምትል ትንሽ መሣሪያ የልጅቷ ጃኬት ውስጥ ትደብቃለች። ድመቱ ያንን ድምፅ ሲሰማ የጉበት ቁራሽ እንደሚጠብቀው ያውቃልና እየሮጠ ይመጣል። ግሪቡይ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሯት አያውቅም ነበር።

ለዚህ ሥራ ሁለት ጥብቅ ሕጎች ነበሯት። ቀረጻ ባለበት ቀን ድመቱን ከእሷ በቀር ማንም አያበላውም። ካሜራው ሲቆም ደግሞ ማንም አይነካውም፤ ዋናዋ ተዋናይ ሊዞንም ብትሆን። "ፍቅሩን ከሁሉም በነፃ ካገኘ ለምን ብሎ ይሮጣል?" ትላለች። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቷ ሊዞን ስድስት ሳምንት ሙሉ ግሪቡይን ያቀፈችው ከ"ጀምሩ" እስከ "አቁሙ" ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የሚቀረጸውም የፊልሙ መዝጊያ ነው፤ ወላጆቿ ሲለያዩ ከሊዮን ወደ ገጠር የመጣችው ልጅ ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶባት የከረመውን ድመቷን ታገኘዋለች። ነገ በማለዳ መኪኖቹ ከዚህ የኦብራክ መንደር ተጭነው ይወጣሉ። ግሪቡይ ዛሬ ካልመጣ ፓሪስ ያሉ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ድመት ይሠራሉ። የፊልሙን ገንዘብ የሚያወጣው አዘጋጅ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ እየደወለ ይህንኑ ሲደጋግም ውሏል። "ኮምፒውተር አይራብ፣ አይተኛ!" ብሎም ስቋል። ሶላንዥ አልሳቀችም። የዚህን ፊልም መጨረሻ የኮምፒውተር ድመት ከሠራው፣ ለሚቀጥለው ፊልም ማን ይፈልጋታል?

ወደ አጥሩ ሄዳ አንድ ቁራሽ ጉበት ከአፍንጫው ሥር አደረገችለት። ግሪቡይ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሆዱን ዳበሰችው። እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

"ጠግቧል" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ይሄን ድመት ማነው ያበላው?"

ግቢው ውስጥ ያሉት አርባ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

"እኔን አትዩኝ!" አለ ምግብ አብሳዩ ከምግብ መኪናው በር ላይ። "የዛሬው የዶሮ ጥብስ ለሰውም አልበቃ!"

"ማን እንደሆነ ባወቅኩ" አለ ኤርቫን፣ "አሁኑኑ በእግሩ ወደ ሮዴዝ ከተማ እሸኘው ነበር!"

"ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቀርቷታል" አሉ ማዳም ሮዝሊን።

ማዳም ሮዝሊን የሊዞንን የሥራ ሰዓት የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ሕጉ ለልጅ ከፈቀደው በላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ ካሜራ ፊት አያቆሟትም። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ እያለቀሰች የምትናገረውን ንግግር ሳትጨርስ "በቃ!" ብለው አቋርጠዋታል። ኤርቫን ከአዘጋጁ ይልቅ እሳቸውን ይፈራል።

ሊዞን ቀስ ብላ መጥታ የሶላንዥን እጅጌ ሳብ አደረገች።

"እኔ ነኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ያበላሁት። ምሳ ላይ ዶሮዬን ሰጠሁት። ሙሉውን ጭን።"

"ለምን፣ ልጄ? ሕጉን ታውቂው የለም እንዴ?"

"አውቀዋለሁ። ግን እኮ እኔ ነገ እሄዳለሁ።" ወደ ድመቱ አየች። "ካሜራ ሳይኖር አንድም ቀን አብሬው ሆኜ አላውቅም። ሲበላ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ በቃ። አልነካሁትም፤ እውነቴን ነው የምልዎት።"

ሶላንዥ ልትቆጣት ፈለገች፤ አንጀቷ እምቢ አለ። ደግሞም አንድ ነገር ከነከናት።

"በልቶ ሲጨርስስ? የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ጀርባውን ሰጥቶኝ እግሬ ላይ ተኛ።"

"ሌላ ዶሮ ይዘሽ ነበር?"

"አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ማዳም ሮዝሊን ሲጠሩኝ እኔ ነኝ ትቼው የሄድኩት።"

ሶላንዥ ድመቱን አየችው፤ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ እጇን ወደ ሊዞን ጃኬት ሰደደችና ጢጥ የምትለዋን መሣሪያ አውጥታ ኪሷ ከተተች።

"ስሚኝ ነፍሴ። አትጥሪው። ወደሱም አትመልከቺ። ጀርባሽን ሰጥተሽው ደረጃው ላይ ተቀመጪ።"

"ካልመጣስ?"

"ካልመጣ አልመጣም። ዛሬ እሱን የሚያስመጣ ነገር እኔ ኪስ ውስጥ የለም።"

ኤርቫን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ስክሪፕቱ እኮ 'ትጣራለች፣ እየሮጠ ይመጣል' ነው የሚለው!"

"ስክሪፕቱን ለሱ አንብብለት።"

"ማን እንዳበላው ታወቀ ወይ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሶላንዥ። "ሁሉም ሰው ዝም ይበልልኝ። ካሜራው መቅረጽ ይጀምርና እንጠብቅ።"

ሊዞን ቀና ብላ አየቻት፤ ሶላንዥ ወደ ደረጃው ገፋ አደረገቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሲያወራው ይኖራል። አርባ ሰው አንድ ድመት ልቡ እስኪፈቅድ ጠበቀ። ምግብ አብሳዩ ማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳያሰማ ነቀለው። የድምፅ ባለሙያው ጓንቱን ነክሶ ሳሉን ዋጠ። ማዳም ሮዝሊን እንኳ ደቂቃውን በጣታቸው ያሳዩ ጀመር፤ ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ አሥር። ሊዞን ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች አንዴም አልዞረችም። ትልልቅ ተዋናዮች የሚቸገሩበትን ነገር፣ ምንም አለማድረግን፣ ያቺ ልጅ ቻለችበት።

ስምንት ደቂቃ ሲቀር ግሪቡይ ተንጠራራ። ከአጥሩ ዘሎ ወረደና መሃል ግቢ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ይልስ ጀመር። ኤርቫን ከንፈሩን ነከሰ። ድመቱ ተነሳ፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ መስሎ ዞር ዞር አለ፤ የልጅቷን ጃኬት አሸተተና ጀርባውን በጀርባዋ አስደግፎ ተቀመጠ።

የሊዞን ዓይን እንባ ሞላ። አልዞረችም። እጇን ብቻ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ፣ ደረጃው ላይ ዘረጋች። ግሪቡይ ጉንጩን መዳፏ ላይ አሳረፈ።

ኤርቫን "አቁሙ" ማለቱን ረስቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቃሉን ተናገረ። ከዚያ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

"እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም! እንድገመው! ለማንኛውም አንድ ጊዜ እንድገመው! ማዳም ሮዝሊን፣ ስንት ቀረን?"

"ሦስት ደቂቃ።"

"ይበቃናል! ሶላንዥ፣ ድመቱን አጥሩ ላይ መልሺልኝ!"

ሶላንዥ የድመቱን ሳጥን አንስታ ወደ ደረጃው ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ሊዞን "አቁሙ" የሚለውን ቃል እንደሰማች እጇን ከድመቱ ላይ አንስታ ነበር። ሁለቱንም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ይህን ያስተማረቻት ሶላንዥ ራሷ ናት።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ኤርቫን፣ ካሜራውን አጥፋ።"

"ምን ነካሽ? ሦስት ደቂቃ እኮ አለን!"

"የምትፈልገውን አግኝተሃል። ሦስቱ ደቂቃ የሊዞን ነው።"

ኤርቫን ፀሐይዋን አየ፤ ልጅቷንም አየ። ለካሜራ ባለሙያው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ።

"ካሜራው ካልሠራ ሥራ አይባልም" አሉ ማዳም ሮዝሊንም፤ ሰዓታቸውን አቆሙት።

ሶላንዥ ጎንበስ አለች።

"አሁን ማንም አይቀርጽሽም" አለቻት። "እቀፊው።"

ሊዞን መጀመሪያ ዞር ብላ ቀዩ መብራት መጥፋቱን አየች። ከዚያ ድመቱን አንስታ ፊቷን ጸጉሩ ውስጥ ቀበረች።